ማቆሚያው በማን እጅ ነው? ተንቀሳቃሽ ሥዕል በመማሪያ ክፍላችን፤ ከፕላዝማ እስከ እጅ ስልክ

(በፋኩልቲው ሕዝባዊ የትምህርት ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



የተሰጠኝ ርእስ የእጅ ስልክ፣ ታብሌትና አኒሜሽን በክፍል ውስጥ ትምህርት ስላላቸው ድርሻ የሚመለከት ነው። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ንግግር በትንቢት አንቀጽ የተሞላ ነው፤ ትምህርትን ይለውጣል፣ ጥራትን ያመጣል፣ ላልደረሰው ያደርሳል ይባላል። እኔ የትምህርት ታሪክ መምህር ነኝና በኃላፊ አንቀጽ እንድናገር ፍቀዱልኝ። ተንቀሳቃሽ ሥዕል ወደ መማሪያ ክፍላችን የገባው ዛሬ አይደለም። ሲገባ ምን እንደ ሆነ ካልመረመርን፣ ነገ በአዲስ ዕቃ የትናንቱን ታሪክ መድገማችን አይቀርም።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ጥያቄ ነጥዬ ላቀርብላችሁ እፈልጋለሁ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ትምህርቱን ማን ያቆመዋል? ሥዕሉ እየሄደ ሳለ አንዲት ተማሪ ባይገባት፣ «ቆይ፣ እዚህ ላይ ቁም» ማለት የሚችለው ማን ነው? የመሣሪያው ዋጋ፣ የሥዕሉ ውበት፣ የመስኮቱ ስፋት ሁሉ ከዚህ ጥያቄ በኋላ የሚመጡ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

፩. በእጅ የሚያዘው የመጀመሪያው ሰሌዳ

ከሩቁ ልጀምር። በአገራችን ለአንድ ልጅ አንድ የመማሪያ መሣሪያ በእጁ ማስያዝ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በቄስ ትምህርት ቤት ልጁ የፊደል ገበታውን ይዞ ይቀመጣል፤ በስንደዶ ወይም በስንጥር እያንዳንዱን ፊደል እየነካ ድምፁን ያወጣል። ከሀሁ ወደ አቡጊዳ፣ ከዚያም ወደ ንባብ ያልፋል። ንባቡም ደረጃ አለው፤ ከቁጥር ወደ ግዕዝ፣ ከግዕዝ ወደ ውርድ ንባብ፣ በመጨረሻም ወደ ቁም ንባብ ይሸጋገራል።

እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው የጊዜን አያያዝ ነው። በዚያ ትምህርት ቤት ሃያ ልጆች በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሃያ የተለያየ ቦታ ላይ ሊገኙ ይችላሉ። አንዱ ከሀሁ አልወጣም፤ ሌላው ዳዊት ጀምሯል። ስንደዶው ሲቆም ትምህርቱ ይቆማል፤ ቀድሞ ያወቀው ታላቅ ልጅ ጎንበስ ብሎ የታናሹን ስህተት ያርማል፤ ከዚያ ስንደዶው እንደገና ይንቀሳቀሳል።

ይህን የምለው ያለፈውን ለማሞካሸት አይደለም። ያ ሥርዓት በቃል ማጥናት ላይ ያጋደለ ነበር፤ አለንጋውም ከፊደሉ አይርቅም ነበር፤ ሴት ልጆችም በአብዛኛው ከደጁ ውጭ ነበሩ። ነገር ግን ዛሬ በብዙ ወጪ የምንፈልገው ነገር፣ ማለትም ተማሪው በራሱ ፍጥነት መሄዱ፣ በዚያ ርካሽ ሰሌዳ ላይ ይገኝ እንደ ነበር መመስከር የታሪክ ሰው ግዴታ ነው።

፪. መስኮቱ ሲገባ

ወደ ሌላው ዓለም ለአፍታ እንሻገር፤ ምክንያቱም የእኛ የቴሌቪዥን ትምህርት ብቻውን የተወለደ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1913 ታዋቂው የፈጠራ ሰው ቶማስ ኤዲሰን ተንቀሳቃሽ ሥዕል በቅርቡ መጽሐፍን ከትምህርት ቤት እንደሚያስወጣ፣ የትምህርቱም ሥርዓት በዐሥር ዓመት ውስጥ ፈጽሞ እንደሚለወጥ ተናግሮ ነበር። ዐሥሩ ዓመት አለፈ፤ መጽሐፉ በቦታው አለ። ከፊልም በኋላ ራዲዮ መጣ፤ ከራዲዮ በኋላ ቴሌቪዥን መጣ፤ ተስፋውም በየጊዜው ታደሰ። አሜሪካዊው የትምህርት ታሪክ ጸሐፊ ላሪ ኩባን እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ጥናቱ ይህንን መደጋገም በዝርዝር አሳይቷል።

ከእነዚህ ሙከራዎች ሁለቱ ለእኛ ትምህርት አላቸው። የመጀመሪያው በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል በምትገኘው በአሜሪካን ሳሞዓ የተደረገው ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 በአገረ ገዥው በሬክስ ሊ አነሣሽነት የደሴቶቹ ትምህርት ዋና ክፍል በቴሌቪዥን እንዲሰጥ ተደረገ። ትምህርቱ በአንድ ስቱዲዮ በእንግሊዝኛ እየተዘጋጀ በየክፍሉ ይደርሳል፤ የክፍሉ መምህር ከመስኮቱ የወጣውን ይከተላል። መጀመሪያ በዓለም ዙሪያ ተደነቀ። ውሎ አድሮ ግን በተለይ በከፍተኛ ክፍሎች መምህራኑም ተማሪዎቹም ተሰላቹ፤ በ1970ዎቹ ቴሌቪዥኑ ከመሪነት ወርዶ መምህሩ ሲሻ የሚጠቀምበት ረዳት ሆነ።

ሁለተኛው የሜክሲኮው ቴሌሴኩንዳሪያ ነው። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1968 ነው የተጀመረው፤ መምህር ላልተዳረሰላቸው የገጠር ልጆች የታሰበ ነበር። ዕድሜው ግን እስከ ዛሬ ዘልቋል፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተማሪዎችንም ያስተምራል። ልዩነቱ ከምን መጣ? ለብዙ ዓመታት በተሠራበት መልኩ የቴሌቪዥኑ ዝግጅት 15 ደቂቃ ያህል ብቻ የሚወስድ ነበር። የቀረው የክፍለ ጊዜው ሰዓት የመምህሩ፣ የመጽሐፉና የውይይቱ ነው። መስኮቱ ይናገራል፤ ከዚያ ዝም ይላል፤ ሰዎቹም ይነጋገራሉ። ዝምታው የሥርዓቱ አካል ሆኖ የታቀደ ነበር ማለት ነው።

፫. የፕላዝማው ዘመን

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በአገራችን የቴሌቪዥን ሥርጭት የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ሲሆን ትምህርታዊ ዝግጅትም ከዚያ ብዙም ሳይዘገይ ተከትሎታል። በራዲዮ የሚሰጠው ትምህርት ደግሞ ለዐሥርት ዓመታት የአንደኛ ደረጃ ክፍሎች ረዳት ሆኖ ቆይቷል። ነገር ግን መስኮቱ የክፍሉ ዋና መምህር የሆነበት ዘመን በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሳተላይት ትምህርት ነው። ሕዝቡ ስሙን ከዕቃው ወስዶ «ፕላዝማ» አለው፤ እኛም እንደዚያው እንጥራው።

ፕላዝማን ዛሬ በቀልድ ብቻ ማንሣት የተለመደ ነው። ያ ግን ፍትሐዊ አይመስለኝም፤ የተነሣበት ችግር እውነተኛ ነበርና። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በፍጥነት እየተስፋፋ ነበር፤ ለሒሳብ፣ ለፊዚክስ፣ ለኬሚስትሪና ለባዮሎጂ ብቁ መምህር ማዳረስ አልተቻለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛን የማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎ ነበር፤ በዚያ ቋንቋ ተዝናንቶ የሚያስተምር ሰው ግን ጥቂት ነበር። ላቦራቶሪ የሌለው ትምህርት ቤት ተማሪ የሴልን መከፋፈል ወይም የአቶምን መዋቅር በሥዕል እንኳ የሚያይበት ዕድል አልነበረውም። ስለዚህ የአዲስ አበባውና የጋምቤላው ልጅ አንድ ዓይነት ትምህርት ያግኝ መባሉ ክቡር ሐሳብ ነበር።

ዝግጅቶቹ በአብዛኛው በደቡብ አፍሪካ ተቀርጸው በሳተላይት ይተላለፉ ጀመር። ከአንዱ ክፍለ ጊዜ አብዛኛው የመስኮቱ ነበር፤ ለክፍሉ መምህር የቀረው በመጀመሪያ ጥቂት ደቂቃ ማስተዋወቂያ፣ በመጨረሻም ጥቂት ደቂቃ ማጠቃለያ ነው።

በዚያ ዘመን የመምህርነት ልምምድ ላይ ያሉ ተማሪዎቻችንን ለመገምገም በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በተደጋጋሚ ተገኝቻለሁ። ያየሁትን ልንገራችሁ። ቴሌቪዥኑ በብረት ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ከፍ ብሎ ተቀምጧል። መስኮቱ ላይ ያለችው መምህርት ጥያቄ ትጠይቃለች፤ መልስ የሚሰጥበት ጥቂት ሰከንድ ይቈጠራል፤ ከዚያ መልሱን ራሷ ትናገርና «በጣም ጥሩ!» ብላ ትቀጥላለች። በክፍሉ ውስጥ ግን ጥያቄውን ገና አንብቦ ያልጨረሰ ብዙ ነበር። ማንም ሳይመልስ ሁሉም ተመሰገነ። የክፍሉ መምህር ጠመኔ ይዞ ከመስኮቱ የሚያልፈውን ቃል ለመቅዳት ይሯሯጣል፤ ተማሪው ደግሞ ከመምህሩ ይቀዳል። መብራት የጠፋ ዕለት ትምህርቱ በዚያው ቀረ፤ ሳተላይቱ ክፍሉ መጨለሙን አያውቅምና በማግስቱ ከሚቀጥለው ምዕራፍ ይጀምራል።

አንድ ቀን ከክፍል ስንወጣ አንድ ተማሪ፣ «ጋሼ፣ ሥዕሉ ደስ ይላል፤ ግን አይጠብቀንም» አለኝ። ስለ ፕላዝማ ብዙ ጥናት አንብቤአለሁ፤ ከዚህ ያጠረና የበሰለ ትችት አላገኘሁም።

«አይጠብቀንም» የሚለው ቃል የእኩልነትን ጥያቄ ይገለብጠዋል። ፕላዝማ ለሁሉም እኩል ደቂቃ ሰጠ። ነገር ግን እኩል ደቂቃ እኩል ትምህርት ነው ወይ? ከስምንተኛ ክፍል በእንግሊዝኛ በርትቶ የመጣው ልጅ በዚያ ደቂቃ ውስጥ ጥያቄውንም መልሱንም ያገኛል። ከገጠር የመጣችው፣ እስከዚያ በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ የተማረችው ልጅ ግን መጀመሪያ ቃሉን በልቧ መተርጐም አለባት። እርሷ ተርጕማ ስትጨርስ መስኮቱ ሄዷል። ለሁሉም አንድ ዓይነት የሆነው ፍጥነት፣ ይበልጥ ሊረዳት ያሰበውን ልጅ ይበልጥ ጐዳ። መምህሩ ደግሞ ይህን በዓይኑ እያየ ማቆም አይችልም ነበር። ከዕውቀት ማነስ አይደለም፤ ማቆሚያው በእጁ ስላልነበረ ነው።

፬. ስለ አኒሜሽን ጥናት ምን ይላል?

ተማሪው በአጭሩ የተናገረውን ተመራማሪዎች በሌላ መንገድ ደርሰውበታል። እ.ኤ.አ. በ2002 ባርባራ ትቨርስኪና ባልደረቦችዋ የሚንቀሳቀስ ሥዕል ከማይንቀሳቀስ ሥዕል ይልቅ በእርግጥ ያስተምራል ወይ ብለው ቀደም ሲል የተሠሩ ጥናቶችን መረመሩ። መልሳቸው ብዙዎችን አስገረመ። አኒሜሽን የተሻለ በሚመስልባቸው ጥናቶች ብዙውን ጊዜ አኒሜሽኑ ከማይንቀሳቀሰው ሥዕል የበለጠ መረጃ ተጨምሮበት ነበር፤ በእኩል መረጃ ሲወዳደሩ ብልጫው ይጠፋል። አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ በመጽሐፍ ላይ ያለ ሥዕል ተቀምጦ ይጠብቃል፤ የሚንቀሳቀሰው ግን ዓይን ሳይጠግበው ያልፋል።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሪቻርድ ሜየርና ፖል ቻንድለር መብረቅ እንዴት እንደሚፈጠር የሚያሳይ አጭር አኒሜሽን ወስደው በ16 ትንንሽ ክፍሎች ቈራረጡት። እያንዳንዱ ክፍል ሲያልቅ ሥዕሉ ይቆማል፤ ተማሪው ቁልፍ ሲጫን ይቀጥላል። ሥዕሉ ያው ነው፤ ቃሉም ያው ነው። ሆኖም በራሳቸው ፍጥነት ያዩት ተማሪዎች የተረዱትን ለአዲስ ችግር በማዋል ረገድ የተሻለ ውጤት አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ማቆሚያ ቁልፍ የተሰጣቸው የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ቁልፉን ብዙም ሳይጫኑት እንኳ በከባድ ጥያቄዎች ላይ ካልተሰጣቸው ይልቅ እንደ በለጡ አመለከተ። ይህን ሳነብ በጣም አሰብሁ። ማቆም እንደሚችል የሚያውቅ ልጅ ሲያይም የሚያይበት አእምሮ ይለያል ማለት ነውን?

፭. ስልኩና ታብሌቱ

ከፕላዝማ በኋላ መሣሪያው ከግድግዳ ወርዶ ወደ እጅ መጣ። ብዙዎቻችሁ የምታስታውሱት አንድ ሙከራ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ‹አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ› የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች ታብሌቶችን በታሸገ ካርቶን ሰጠ። መምህር አልነበረም፤ ባትሪው በፀሐይ ኃይል ይሞላ ነበር፤ በውስጡ የእንግሊዝኛ ፊደል ጨዋታዎች፣ መጻሕፍትና ተንቀሳቃሽ ሥዕሎች ተጭነዋል። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ልጆቹ በደቂቃዎች ውስጥ ማብሪያውን እንዳገኙ፣ በሳምንታት ውስጥ የፊደሉን መዝሙር እንደ ዘመሩ፣ በወራት ውስጥም የተዘጋውን ካሜራ እንደ ከፈቱ ለዓለም አወራ።

ይህ ወሬ ሲሰማ ሁለት ተቃራኒ ስሜቶች ተፈጠሩ። አንዳንዱ «መምህር አያስፈልግም ማለት ነው» አለ፤ ሌላው ሁሉንም እንደ ማስታወቂያ ቈጠረው። እኔ በመካከል ቆሜ የምለው ይህ ነው። የተነገረው ሁሉ የድርጅቱ የራሱ ምስክርነት ነውና በጥንቃቄ ሊወሰድ ይገባል። ነገር ግን ልጆቹ በዕቃው መጫወታቸው፣ መደጋገማቸው፣ አንዱ ለአንዱ ማሳየቱ ለማመን የሚከብድ ነገር አይደለም፤ በፊደል ገበታ ዙሪያም የሆነው ይኸው ነበርና። ማቆሚያው በልጁ እጅ ገብቷል። ሌላ በር ግን ተዘግቶ ቀርቷል፤ አካባቢዎቹ አፋን ኦሮሞ የሚነገርባቸው ሲሆኑ ታብሌቱ የሚናገረው እንግሊዝኛ ነበር። ልጁ ሥዕሉን ማቆም ይችላል፤ ካቆመው በኋላ ግን ምን እንደ ተባለ የሚጠይቀው ሰው በአጠገቡ የለም። ያለ መምህር የሚገኝ ማቆሚያ ግማሽ ማቆሚያ ነው።

በዚያው ዘመን በሌላ መንገድ የሄዱም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 የተቋቋመው ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የልጆች ዝግጅት በአማርኛ አቀረበ። ፀሐይ የስድስት ዓመት ቀጭኔ ናት፤ ከመሥራቾቹ አንዷ የሆነችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ደግሞ አስቀድማ የሕፃናት መምህርት ነበረች። ዝግጅቱ እ.ኤ.አ. በ2008 በጃፓን ሽልማት ተመርጧል። ለእኔ ከሽልማቱ በላይ የሚያስደስተኝ፣ ሥዕሉን የሠራው እጅ ሕፃናት የት ላይ ግራ እንደሚጋቡ በክፍል ውስጥ ያየ እጅ መሆኑ ነው። በቴሌቪዥን የሚተላለፍ ነገር በተመልካቹ እጅ ባይቆምም፣ በልጁ ቋንቋና በልጁ እርምጃ ከተዘጋጀ ቢያንስ ልጁን ጥሎ አይሄድም።

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ያለፈው ታሪክ በጥቂት ወራት ውስጥ በፊታችን ተጨምቆ ታየ። በራዲዮና በቴሌቪዥን የሚተላለፈው ትምህርት እንደ ቀድሞው ሰዓቱን ጠብቆ አለፈ። በከተማ ያሉ ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ደግሞ ማስታወሻና መልመጃ በቴሌግራም ይልኩ ጀመር፤ የተላከውን ተማሪው ያስቀምጠዋል፣ ደግሞ ያየዋል፣ ያልገባውን ጽፎ ይጠይቃል። ስልክና ኢንተርኔት የሌለው ልጅ ግን ከሁለቱም ውጭ ነበር። ማቆሚያው በእጅ መግባቱ ትልቅ ነገር ነው፤ በማን እጅ ገባ የሚለው ግን አሁንም የፍትሕ ጥያቄ ሆኖ ቀጥሏል።

፮. ለነገዎቹ መምህራን

ዛሬ በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን ተማሪ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ክልከላው ምክንያት የለውም አልልም፤ ስልክ ልብን እንደሚሰርቅ ሁላችንም በራሳችን እናውቀዋለን። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዓመታዊ ዘገባ ቴክኖሎጂ በትምህርት ውስጥ የሚገባው ለማን ጥቅምና በማን ውሳኔ እንደሆነ እንድንጠይቅ አሳስቧል። ስለዚህ ለሁሉም ልጅ ስልክ እስክናድል እንጠብቅ የሚል ምክር የለኝም።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጣችሁ ዕጩ መምህራን አብዛኞቻችሁ ግን በኪሳችሁ አንድ ስልክ አለ። አስቀድሞ በስልኩ የተጫነ የሦስት ደቂቃ አኒሜሽን ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ባትሪው እስካለ ድረስም መብራት ሲጠፋ አይቆምም። የልብን የደም ዝውውር ልታስተምሩ ነው እንበል። ተማሪዎችን በቡድን ሰብስባችሁ ሥዕሉን ታስጀምራላችሁ። ደሙ ከቀኝ የልብ ክፍል ሲወጣ ታቆሙታላችሁ። «አሁን ወዴት ይሄዳል? ለምን?» ትላላችሁ። በየትኛውም ቋንቋ ይመልሱ፤ ይከራከሩ፤ በደብተራቸው ይሣሉት። ከዚያ ሥዕሉ ይቀጥላል፤ የገመተው ልጅ ግምቱን በዓይኑ ይፈትናል። ሦስት ደቂቃው ሠላሳ ደቂቃ ይሆናል። ያ ሠላሳ ደቂቃ ትምህርቱ ነው፤ ሥዕሉ መነሻው ነው።

ይህ እንዲሆን ከዚህ ፋኩልቲ የሚጠበቅ ሥራ አለ። መምህራንን ስለ መሣሪያው አጠቃቀም ማሠልጠን ቀላሉ ክፍል ነው፤ ከባዱ የት ላይ እንደሚያቆሙ ማሠልጠን ነው። ለዚያ መምህሩ ትምህርቱን ጠልቆ ማወቅ፣ የተማሪውንም ፊት ማንበብ ይኖርበታል። በየቋንቋዎቻችን የሚዘጋጁ አጫጭር ሥዕሎችም ያስፈልጉናል፤ ሲዘጋጁም ከሥዕል ባለሙያው ጎን የክፍል መምህር ይቀመጥ። ለትምህርት ቤቶች የሚገዛ ወይም የሚለገስ ማንኛውም መሣሪያ ሲመጣ ደግሞ፣ ስለ ብዛቱና ስለ ዋጋው ከመነጋገር አስቀድሞ፣ መምህሩና ተማሪው ሊያቆሙት ይችላሉ ወይ ብለን እንጠይቅ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላል ያገራችን ሰው። ብዙ ጊዜ ይህን ተረት ለትዕግሥት ምክር እንጠቅሰዋለን። እኔ ግን ስለ ማስተማር የተነገረ ይመስለኛል፤ እንቁላሉ የሚሄደው ቀኑ ሲሞላለት እንጂ ሰው ስለገፋው አይደለምና። ፕላዝማ ለመጠበቅ ጊዜ አልነበረውም። እናንተ አላችሁ፤ ማቆሚያውም አሁን በእጃችሁ ነው።

አሁን ጥያቄና አስተያየታችሁን ለመስማት ዝግጁ ነኝ።